«እናትህ ማን ትባላለች?»፦ ለሕፃናት የአምስት ደቂቃ የቴሌቪዥን መሰናዶ ጎንደር ላይ እንዴት ይሠራል

ጥር 10 ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ የጎንደር መንገድ ሰው በሰው ይሆናል። በዚያ ግርግር የእናቱን ነጠላ ጫፍ ይዞ ሲሄድ የነበረ የአራት ዓመት ልጅ እጁ ድንገት ባዶ ይቀራል። ፖሊስ ወይም አንዲት ደግ እናት ታገኘዋለች፤ እንባውን ጠርጋ «እናትህ ማን ትባላለች?» ትለዋለች። «እማዬ» ይላል። «አባትህስ?» «አባዬ።» ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ቤት ውስጥ የሚያውቀው ስም ይኸው ብቻ ስለሆነ ነው።

ለሕፃናት የሚሠራ የቴሌቪዥን መሰናዶ ዋጋው የሚታየው እንዲህ ባሉ የዕለት ተዕለት ነገሮች ላይ ነው። እጅ መታጠብ፣ ከገበያ አትክልት መግዛት፣ ክትባት መወጋት፣ አዲስ ለተወለደ ወንድም ቦታ መልቀቅ ለእኛ ተራ ነገር ናቸው፤ ለአራት ዓመት ልጅ ግን እያንዳንዱ ትልቅ ጉዳይ ነው። ከዚህ በታች የማስረዳው አንድ መሰናዶ ከሐሳብ እስከ ስርጭት እንዴት እንደሚሠራ ነው። ምሳሌዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው የእናት ስም ይሆናል። ለአጸደ ሕፃናት መምህራን፣ ለሚኒ ሚዲያ ወጣቶች፣ አንድ ደህና ስልክና ጥቂት ትዕግሥት ላለው ሁሉ ይሆናል።

1. ዕድሜውን ወስኑ

መሰናዶው ከ3 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች ይሁን። ከሁለት ዓመት ተኩል በታች ያለ ሕፃን በስክሪን ያየውን ነገር ሰው ፊት ለፊት የሚያሳየውን ያህል አይማረውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን ጨርሶ እንዳይሰጥ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚያይበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ከዚያ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። እናንተ ከዚያች ሰዓት አምስት ደቂቃ ትወስዳላችሁ። አምስቱ ደቂቃ ሲያልቅ ልጁ ከስክሪኑ ተነሥቶ ወደ ሰው መሄድ አለበት፤ መሰናዶው በሙሉ ለዚያች ቅጽበት ይሠራል።

2. አንድ ነገር ብቻ ምረጡ

አብዛኛው መሰናዶ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «ልጅ ቢጠፋ» የሚል ርዕስ ስትይዙ ወዲያው ዝርዝሩ ይመጣባችኋል፦ ስሙን ይናገር፣ የእናቱን ስም ይናገር፣ ሰፈሩን ይናገር፣ ስልክ ቁጥር ይያዝ፣ ባለበት ይቁም፣ ፖሊስ ይፈልግ። ሁሉም ትክክል ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀን ከመጣ ግን ልጁ አንዱንም አይዝም። ስለዚህ በሦስት መሰናዶ ይከፈል። የመጀመሪያው ስለ እናት ስም፣ ሁለተኛው ስለ ሰፈር፣ ሦስተኛው ባሉበት ስለ መቆም።

ከዚያ ዓላማውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፤ ግሱ በዓይን የሚታይ ወይም በጆሮ የሚሰማ ነገር ይሁን። «ልጁ ስለ ደኅንነቱ ይገነዘባል» አይሆንም፤ ተገነዘበ አልተገነዘበ በምን ታውቃላችሁ? «ልጁ ሲጠየቅ የእናቱን ስም ከነአባቷ ይናገራል» ግን ይሰማል። ለሌላውም እንዲሁ ነው። ስለ እጅ መታጠብ ከሆነ «ከምግብ በፊት በሳሙና ይታጠባል» ይበቃል፤ የመጸዳጃ ቤቱ ሌላ ቀን ይመጣል። ስለ ቅዳሜ ገበያ ከሆነ ደግሞ «አንድ መደብ ቲማቲም ቆጥሮ ይናገራል።»

ጽሑፉን ከመጀመራችሁ በፊት እናቶችን አነጋግሩ። በእኛ ሰፈር አንዲት እናት ሦስት ስም ሊኖራት ይችላል፤ የመታወቂያው፣ የክርስትናው፣ ጎረቤት ያወጣላት። ልጁ የትኛውን ይያዝ? እኔ የመታወቂያውን እመርጣለሁ፤ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ራሷም፣ አብሯት ያለ ሰውም የሚያውቀው እሱን ነውና። ሁሉም ልጅ ከእናቱ ጋር እንደማይኖርም አትርሱ። ከአያቱ ጋር የሚያድግ አለ፤ እናቱ የሞተችበት አለ። በጽሑፉ ውስጥ «እማዬም ትሁን እማማ፣ አንተን የምታሳድግህ» የምትል አንድ ሐረግ አስገቡ። አጭር ናት፤ ግን ያን ልጅ ከውጭ አታስቀረውም።

3. የማያውቅ ገጸ ባሕርይ ፍጠሩ

አስተማሪ ቆሞ የሚያስረዳበት መሰናዶ ለዚህ ዕድሜ አይሆንም። በአንድ ሰፈር መንገድ ላይ የሚካሄደው የአሜሪካው የልጆች ቴሌቪዥን መሰናዶ ሰሳሚ ስትሪት እ.ኤ.አ. በ1969 ከመጀመሩ በፊት አዘጋጆቹ የሙከራ ክፍሎችን ለልጆች አሳይተው ነበር። መንገዱ ላይ ሰዎች ብቻቸውን ሲነጋገሩ የልጆቹ ዓይን ከስክሪኑ ይሸሻል፤ አሻንጉሊቶቹ ሲመጡ ይመለሳል። ስለዚህ መንገዱ ላይ ከሰዎቹ ጋር የሚኖሩ ትልልቅ አሻንጉሊቶች ፈጠሩ። በአገራችንም መምህርቷ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ስታዘጋጅ መሪዋን ያደረገቻት ጠያቂዋን ትንሽ ቀጭኔ ነበር፤ መሰናዶው እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታይቷል።

ለጎንደር ልጅ ጭላዳ ጥሩ ነው፤ ከስሜን ተራሮች ስለሚመጣ የቅርብ ዘመድ ይመስላል። ቡናማ ካልሲ፣ ሁለት ቁልፍ ለዓይን፣ ለጎፈሩ የሱፍ ክር፣ ለደረቱ ቀይ ጨርቅ ይበቃል። ስሙን ድንቡሼ እንበለው። ድንቡሼ የአራት ዓመት ልጅ ነው፤ የማያውቀው ነገር አለ፣ ማወቅም ይፈልጋል። ባለጌ አታድርጉት። አራት ደቂቃ ጥፋት አሳይቶ በመጨረሻው ደቂቃ «እንዲህ አይደረግም» ከሚል መሰናዶ ሕፃናቱ የሚይዙት ጥፋቱን ነው፤ መጨረሻው መጀመሪያውን ያርማል የሚለውን ሐሳብ በዚህ ዕድሜ ገና አይከተሉም።

ከእሱ ጋር አንዲት ወጣት ሴት ትቁም፤ ድንቡሼ «እትዬ» ይበላት። የሴትና የልጅ ድምፅ የሕፃናትን ዓይን ወደ ስክሪን የመጥራት ኃይል እንዳለው ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። አነጋገሯ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር እንደሚያወሩት ይሁን። የዜና አንባቢ አማርኛ እዚህ ቦታ የለውም።

4. በእንቆቅልሽ ጻፉት

ልጆች እየመለሱ የሚማሩበት ዘዴ ከውጭ መፈለግ አያስፈልግም፤ ምድጃ ዳር አድገንበታል። እንቆቅልሽ ጠያቂ አለው፣ መላሽ አለው፣ ማሰቢያ ጊዜ አለው፣ መላሹ ሲያቅተውም ሳያፍር አገር ሰጥቶ የሚያልፍበት መንገድ አለው። መሰናዷችን እንዲህ ይጀምራል፦

ድንቡሼ፦ እትዬ፣ እንቆቅልሽ!
እትዬ፦ ምን አውቅልህ!
ድንቡሼ፦ ሁልጊዜ ትጠራኛለች፣ ሁልጊዜ እጠራታለሁ፤ ስሟን ግን አላውቀውም።
እትዬ፦ (ወደ ካሜራ) ማን ትሆን?
(ዝምታ፣ 5 ሰከንድ)
እትዬ፦ እኔስ አላወቅሁም።
ድንቡሼ፦ እንግዲያስ አገር ስጪኝ!
እትዬ፦ ጎንደርን ሰጠሁህ።
ድንቡሼ፦ ጎንደር ገብቼ፣ ከሰው መሐል ቆሜ፣ «እማዬ!» ብዬ ስጣራ…
(ሦስት እናቶች አንድ ላይ ዞረው «አቤት!» ይላሉ)
ድንቡሼ፦ ውይ! ሁሉም እናቶች ዞሩ!

የመሰናዶው ልብ ያቺ የሦስቱ እናቶች ሾት ናት። «እማዬ» የሁሉም እናት መጠሪያ እንደሆነ ማስረዳት ብትሞክሩ ለአራት ዓመት ልጅ ይከብደዋል፤ ሦስት ሴቶች አብረው ሲዞሩ ሲያይ ግን ይስቃል፣ ይገባዋልም። ማብራሪያ አትጨምሩበት።

ከዚያ ድንቡሼ ወደ እናቱ ይሮጣል። «እማዬ፣ ስምሽ ማን ነው?» እሷም ጎንበስ ብላ «ደብሬ አያሌው» ትለዋለች። እሱ ይደግመዋል፤ መጀመሪያ ያሳስታል፣ ቀጥሎ ግማሹን ይላል፣ በሦስተኛው ይይዘዋል። ይመለስና እንደገና ከሰው መሐል ቆሞ «ደብሬ አያሌው!» ሲል አንዷ ብቻ ትዞራለች። ከዚህ በኋላ ወደ ካሜራ ጠጋ ብሎ «ያንተስ እናት ማን ትባላለች?» ይላል፤ ዝም ይላል። «ያንቺስ?» ይላል፤ ዝም ይላል። አማርኛችን ወንዱንና ሴቷን ለይቶ ስለሚጠራ «ልጆች» እያሉ በጅምላ መናገር ይቀላል፤ ነገር ግን ለብቻው የተጠየቀ ልጅ ነው የሚመልሰው። እያፈራረቃችሁ ጠይቁ።

ማሳረጊያው አዝማች ይሁን። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው በጎንደር አይጠፋም፤ ጭብጨባ ጨምሩበት፣ ዜማውን አታፍጥኑት፣ ሁለት ስንኝ ብቻ፦

እማዬ ብል ሁሏም ዞረች፣
በስሟ ብጠራት የኔዋ መጣች።

ሁለት ጊዜ ይዘመራል፤ ሦስተኛውን ጊዜ ማሲንቆው ብቻውን ይጫወትና ልጁ ይሙላው።

5. ዝምታውን አትንኩት

አዋቂ ዝምታን ይፈራል። ካሜራ ማኑ ስሕተት የተፈጠረ ይመስለዋል፤ ኤዲቲንግ ላይ የተቀመጠው ይቆርጠዋል፤ ተዋናይዋ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ራሷ ትመልሳለች። ሦስቱንም አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ። የአራት ዓመት ልጅ ጥያቄውን ሰምቶ፣ አስቦ፣ አፉን ከፍቶ እስኪመልስ ከአዋቂ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ዝምታው ከ5 ሰከንድ አይነስ፤ ለስም ጥያቄው 7 ሰከንድ ስጡት። በዝምታው ጊዜ ድንቡሼ ጆሮውን ወደ ካሜራ ይጣል፣ ዓይኑ አይንቀሳቀስ፣ ሙዚቃ አይግባ።

በዚህ መሰናዶ ላይ ዝምታው ከሌላው ሁሉ የከበደ ነው፤ መልሱን ቴሌቪዥኑ አያውቀውምና። ስለ ቀለም ብትጠይቁ «ቀይ!» ብላችሁ ልታረጋግጡለት ትችላላችሁ። የእያንዳንዱን ልጅ እናት ስም ግን ማንም ከስክሪን ውስጥ ሊነግረው አይችልም። ስለዚህ ከዝምታው በኋላ እትዬ «ጎበዝ! ትክክል ነው!» ማለት የለባትም። አልሰማችውም፤ ልጁም አለመስማቷን አንድ ቀን ያውቃል። «ነገርከኝ? ካላወቅኸው ደግሞ አሁኑኑ ሄደህ ጠይቃት» ትበል። ልጁ ተነሥቶ ወደ ወጥ ቤት ከሮጠ መሰናዶው ሥራውን ሠርቷል።

6. ቀረጻ

ስልኩን አግድሙን ያዙ፤ ትራይፖዱን ዝቅ አድርጋችሁ በልጅ ዓይን ቁመት አቁሙት፣ ከመሬት 1 ሜትር ገደማ። ልጁ ዓለምን የሚያየው ከዚያ ነው፤ እናቱም ስሟን ስትነግረው ጎንበስ ማለቷ የሚታየው ከዚያ ከፍታ ሲቀረጽ ነው። ብርሃኑ ጠዋት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ለስለስ ይላል። የሰው መሐሉን ትዕይንት ፋሲል ግቢ ውስጥ ለመቅረጽ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ባይሆን የሰፈር መንገድና አሥር ጎረቤት ይበቃል።

ድምፅ ከሥዕል ይበልጣል። ሥዕሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ልጁ ያልፈዋል፤ ስሙ ካልተሰማ ግን ምንም አልተማረም። የኮሌታ ማይክ ተጠቀሙ፤ ከባጃጅ መንገድ ራቅ በሉ፤ ክረምት ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አትቅረጹ።

የልጆች ጉዳይ ሲሆን ጥብቅ ሁኑ። ለሚቀረጽ ልጅ ሁሉ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይኑር። የእውነት ልጅ የእውነት እናቱን ስም በስክሪን ላይ በፍጹም አይናገር፤ ማን ተቀምጦ እንደሚያይ አታውቁም። ስም የሚናገሩት አሻንጉሊቶች ብቻ ይሁኑ። አንድ ትዕይንት ላይ ልጁ ከደከመ ቀረጻው ይቁም።

7. ቅንብር

አጭር ነው፤ ቁረጡ እንጂ አትጨምሩ። ፊደል ገና ያልቆጠረ ልጅ ስለሚያይ ስክሪን ላይ ጽሑፍ አይግባ። ከንግግር ሥር ሙዚቃ አይጫወት። ሾቶቹ ቶሎ ቶሎ አይለዋወጡ። «እማዬ» የሚለው ቃል ሲነገር የእናቷ ፊት ይታይ፤ ስለ አንድ ነገር እየተወራ ሌላ ነገር ከታየ ልጁ የሚከተለው ሥዕሉን ነው።

8. በልጆች ፊት ፈትኑት

ከማሰራጨታችሁ በፊት ይህን ደረጃ አትዝለሉ። የሰሳሚ ስትሪት ተመራማሪ ኤድዋርድ ፓልመር ከቴሌቪዥኑ ጎን በየ7.5 ሰከንዱ ሥዕል የሚቀያይር መሣሪያ አስቀምጦ ልጁ መቼ ዓይኑን ከመሰናዶው እንደሚያነሣ ይመዘግብ ነበር። እናንተም ትችላላችሁ። ከኦ-ክፍል ልጆች አንድ በአንድ አስገቡ፤ መሰናዶውን በአንድ ስልክ ወይም ቴሌቪዥን ክፈቱ፤ በሁለተኛው ስልክ የሚቀያየሩ ፎቶዎች ጎን ላይ ያሳዩ። አንድ ሰው በየ10 ሰከንዱ የልጁ ዓይን የት እንዳለ ምልክት ያድርግ። ብዙ ልጆች አንድ ቦታ ላይ ዘወር ካሉ ያ ቦታ ይቆረጣል ወይም እንደገና ይጻፋል። ዝምታው ላይ ዘወር የሚሉ ከሆነ አታሳጥሩት፤ የድንቡሼን ፊት አቅርቡት።

ማየቱ ግን ግማሹ ነው። በማግሥቱ ሌላ ክፍል የምታስተምር ቲቸር መጥታ፣ ስለ መሰናዶው አንድም ቃል ሳታነሣ፣ «እናትህ ማን ትባላለች?» ብላ ትጠይቅ። ከሳምንት በኋላ ትድገመው። መልሱን ከክፍሉ መዝገብ ጋር ታስተያየው።

ከሁሉ የሚያስተምረው የተሳሳተ መልስ ይህ ነው፦ ልጁ በኩራት «ደብሬ አያሌው!» ሊል ይችላል። የድንቡሼን እናት ስም ሸምድዷል ማለት ነው፤ አዝማቹን ይዟል፣ ሐሳቡን አልያዘም። ይህ ከታየ መሰናዶው ላይ ሁለት አሻንጉሊት ጨምሩ፤ አንዷ ድመት፣ አንዱ አህያ ይሁኑ፤ ሁለቱም የየራሳቸውን እናት ስም ይናገሩ። ሦስት ልጆች ሦስት የተለያየ ስም ሲናገሩ ያየ ልጅ አራተኛው የራሱ እንደሆነ ይገባዋል። የሚጨምረው ሠላሳ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ከሌላው ቦታ አውጡለት።

9. ደግማችሁ አሳዩ፣ አብራችሁ እዩ

አዋቂ አንድ መሰናዶ ሁለት ጊዜ ሲታይ ይሰለቻል፤ ሕፃን ግን በሁለተኛው ይረዳል፣ በሦስተኛው ይመልሳል፣ ከዚያ በኋላ ቀድሞ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረው የአሜሪካው የልጆች መሰናዶ ብሉስ ክሉስ ያንኑ ክፍል ለአምስት ተከታታይ ቀናት ያሳይ የነበረው ለዚህ ነው። ጣቢያው በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጣችሁ ከሆነ ፋይሉን በሜሞሪና በፍላሽ ለአጸደ ሕፃናቱ አድርሱ፤ መብራት ሲጠፋ በስልክ ይታያል። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በቀን አንድ ጊዜ።

ለወላጆች የምትሰጡት መመሪያ አንድ ገጽ እንኳ አይሙላ። ከልጁ ጎን ይቀመጡ፤ ድንቡሼ ሲጠይቅ ለልጁ አይመልሱለት፤ ሰባቱ ሰከንድ ሲያልፍ ካቃተው ስሙን በጆሮው ይንገሩት፤ ማታ ደግሞ አባት ወይም አያት «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ይጠይቁት። መጠየቅ ያለባቸው በየዋህነት ነው፤ ልጁ ፈተና ላይ የተቀመጠ መስሎት ከፈራ ስሙን ከነጭራሹ ይጠላዋል። ኦ-ክፍል ውስጥ ቲቸሯ ይህን በስም ጥሪ ጊዜ ልታደርገው ትችላለች፤ ልጁ «አቤት» ካለ በኋላ «የማን ልጅ?» ትለዋለች።

ሁለተኛው መሰናዶ «ሰፈርህ የት ነው?» ነው። አዘዞ፣ ማራኪ፣ ቁስቋም እያሉ ስም ማስያዝ ብቻ አይበቃም፤ ልጁ ከበሩ ወጥቶ መጀመሪያ የሚያየውን ምልክት፣ ወፍጮ ቤትም ይሁን ባጃጅ ተራ፣ አብሮ መናገር አለበት። ሦስተኛው «ቁም» ነው፦ እናቱን ያጣ ልጅ እየሮጠ አይፈልጋት፤ ባለበት ቆሞ በስሟ ይጣራ፤ የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ ወይም ልጅ የያዘች እናት ስትመጣ ይንገራት። ሦስቱ በተከታታይ ሦስት ሳምንት፣ እያንዳንዱ አምስት ቀን ይታያል። ሦስተኛው ሳምንት ከከተራ በፊት ማለቅ ስላለበት የመጀመሪያው ስርጭት በታኅሣሥ አጋማሽ ይጀምራል፤ ከገና በዓል ጋር የሚጋጨውን ቀን አስቀድማችሁ ቁጠሩ። ቀረጻውና ሙከራው ደግሞ ኅዳር ውስጥ ያልቃል።